ለሁለት ሰው የታዘዘ መድኃኒት

ሐረር፣ ሰኔ 26 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጅነት ጓደኛዬ
ድሬዳዋ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ልጆችሽ ደህና ናቸው? የድሬ ሙቀት ዘንድሮ ብሶበታል ሲሉ እሰማለሁ፤ በረንዳው ላይ ውሃ ረጭተሽ ከሰዓት በኋላ ጋደም ስትዪ ይታየኛል። ባለቤትሽስ ከጅቡቲ ይደውላል? ለዒድ ይመጣል ብለሽኝ ነበር፤ ሳይመጣ ቀረ መሰለኝ። የኔዋ ሂክማ ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እናቴም ደህና ናቸው፤ ሰላም በይልኝ ብለዋል።

ስለ ራሴ ለመጻፍ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። አማርኛ ያስተማሩን ጋሽ ተክለጻድቅ ትዝ ይሉሻል? ደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩን፣ «እኔ ደህና ነኝ» የሚለውን መስመር ደህና ያልሆነ ሰው ይዝለለው ይሉ ነበር። አንቺ ታዲያ ከኋላ ሆነሽ፣ እንዲህ ከሆነ በዚህ አገር ማን ሊጽፈው ነው ብለሽ ክፍሉን አስቀሽ ተንበርክከሽ ዋልሽ። እኔ ዛሬ ዘልዬዋለሁ።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ ሞክሬው ነበር። እሁድ ዕለት የደወልኩልሽ ይህንኑ ልነግርሽ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ወሬውን ወደ ሌላ ቀየርኩት። ቴሌግራም ላይ ልጻፈው ብል ደግሞ እዚያ መሰረዝ ቀላል ነው፤ ጽፌ እሰርዘው፣ ጽፌ እሰርዘው ነበር። ወረቀት ይሻላል፤ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። ይህን የሚያደርስልሽ ሳኒ የሚባል የድሬ መስመር ሾፌር ነው፤ ባሌ ነስሮ እንደጻፍኩልሽ አያውቅም። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው። ልጆቹን ውጪ ተጫወቱ በያቸው።

መጀመሪያ ያለሁበትን ልንገርሽ። ነስሮ ከቤት ከወጣ ዛሬ አሥራ አምስት ቀኑ ነው። ሐኪም ጋራ ሰፈር፣ እናቱ ዘንድ ነው የሚያድረው። የፊታችን ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አጎቱ ሐጂ ዓሊዪ ሁለት ሰው አስከትለው ሊያስታርቁን ይመጣሉ። ይመለስ ወይስ ፍቺ ነው የምትፈልጊው ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም አንዱን መመለስ አለብኝ። ይህን ስጽፍልሽ ገና እያሰብኩ ነው።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከሽንት ነው። በይ ሳቂ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄያለሁ።

ሸዋ በር ገበያ የልጆች ልብስ ዘርግቼ መሸጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ጎረቤቴ ሥርጉት ናት፤ ጫማ ነው የምትሸጠው። አንዴ አግኝተሻታል፤ ያቺ ሁለት ቁጥር የሚያንሰውን ጫማ ይሰፋልሻል ብላ የሸጠችልሽ። እዚያ አካባቢ የጠፋ ነገር የለም። ሚኒባሱ እዚያ ነው፣ ባጃጁ እዚያ ነው፣ ጫቱ፣ ማንጎው፣ የስልክ ቀፎው ሁሉ እዚያ ነው። ሴት ሽንቷን የምትሸናበት ቦታ ብቻ የለም። ወንዶቹ ወደ ግንቡ ዞር ይላሉ፣ ይመለሳሉ፣ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እኛ ደግሞ ጠዋት ከቤት ስንወጣ ጨርሰን እንወጣለን፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ አንቀምስም፣ ማታ ቤታችን እስክንደርስ እንችለዋለን።

ለዚህም የራሳችን ቋንቋ አለን። የሐረር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፤ ቢጫው ጀሪካን ተሰልፎ የሚውለውን አልረሳሽውም። እኛም እርስ በርስ ስንነጋገር «ቧንቧ ዘግቻለሁ» ነው የምንለው። ሥርጉትን አንድ ደንበኛ ሻይ ልጋብዝሽ ሲላት፣ ይቅርብኝ ወንድሜ፣ ቧንቧ ዘግቻለሁ አለችው። ሰውየው ሰፈሯ ውሃ የጠፋ መስሎት፣ ከቤቱ ሁለት ጀሪካን በባጃጅ ሊልክላት ተነሣ። ያን ቀን ስቀን ልንሞት ነበር፤ መሳቁ ራሱ አስቸገረን እንጂ።

የረመዳን የመጨረሻው ሳምንት ገበያ ምን እንደሚመስል ለአንቺ አልነግርም። ለዒድ ልጁን የማያለብስ የለም። ከጠዋት እስከ አፍጥር ሰዓት ቁጭ ሳልል እውል ነበር። ጾሙ ነው ያመመሽ እንዳትይኝ፤ ከጾሙ በፊትም ልማዴ ያው ነው። ጾሙ ሲፈታም ድካሙ ስለሚጥለኝ ከአንድ ብርጭቆ በላይ አልጠጣም ነበር። ለዒድ ሦስት ወይ አራት ቀን ሲቀረው ማቃጠል ጀመረኝ። ሚጥሚጣ የተነሰነሰብኝ ነው የሚመስለው። አሥር ጊዜ እሮጣለሁ፣ የሚመጣው ሦስት ጠብታ ነው። በዒዱ ቀን እንግዳ ተቀምጦ እኔ ጓዳና መጸዳጃ ቤት ስመላለስ፣ የነስሮ እናት አይተው፣ ልጄ፣ ለሂክማ ወንድም ልትወልጂልን ነው እንዴ ብለው ደስ አላቸው። ደስታቸውን ሳይ አዘንኩ።

ጤና ጣቢያ ለምን አልሄድሽም ትያለሽ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የነስሮ የአክስት ልጅ ናት። ጁገል ውስጥ እንኳን በሽታ፣ ምሳ ምን እንደበላሽ ሰው ያውቃል። ስለዚህ ከዒዱ በኋላ በአራተኛው ቀን አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ፤ የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም። ሰው እስኪወጣ የሳሙናውን ጽሑፍ እያነበብኩ ቆየሁ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብዬ ሽንቴን ያቃጥለኛል አልኩት። መቼ ጀመረሽ አላለኝም። ያተኩስሻል ወይ አላለኝም። ባል አለሽ ወይ አለኝ፤ አለኝ አልኩት። ምን ይሠራል አለኝ፤ ሾፌር ነው አልኩት።

በቃ፣ ምርመራው ይኸው ነበር። ዞር ብሎ ከመደርደሪያው ሁለት ፓኮ መድኃኒት አወረደ። አንዱ የአንቺ ነው፣ አንዱ የእሱ ነው፣ እሱ ካልዋጠ አንቺም አትድኚም አለኝ። ጨብጥ ነው ማለት ነው ወይ ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅሁት። ሾፌር አግብተሽ ሌላ ምን ጠብቀሽ ነበር አለኝና ቀጣዩን ሰው ማስተናገድ ጀመረ።

እዚያ ድረስ የሄድኩት በእግሬ ነው፤ ስመለስ ግን እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ነስሮ ምሳውን ሊበላ ገብቶ እጁን እየታጠበ ነበር። ሂክማን ጎረቤት ላክኋት። ሩዙን አቀረብኩ፤ ከሳህኑ ጎን ደግሞ ፓኮውን አስቀመጥኩ። ይሄ የአንተ ነው፣ የእኔን እኔ እውጣለሁ፣ ከየት እንዳመጣኸው አንተ ታውቃለህ አልኩት።

ነስሮን ታውቂዋለሽ። በድሬው መንገድ፣ ደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ መኪና የቀደመው እንደሆነ ወርዶ ሊጣላ የሚቃጣ ሰው ነው። እንደዚያ ይሆናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ይጮህብኛል፣ ወላሂ ይላል፣ መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ይወረውረዋል፣ እኔም እጮሃለሁ፣ በመጨረሻ አምነዋለሁ ብዬ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ እንዲምልልኝ ነበር የፈለግሁት።

እሱ ግን ፓኮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሩዙን አየ። እጁ ገና እርጥብ ነበር። አንድ ጊዜ ነው አለ። ሸይጧን አሳስቶኝ ነው፣ ከረመዳን በፊት ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስለ አላህ ብለሽ ይቅር በይኝ አለኝ። ከዚያ የማላውቀው ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። አሥር ዓመት አብሬው ኖሬ ነስሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ አባቱን የቀበሩ ቀን እንኳ አላለቀሰም።

ማን ናት ብዬ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው እንደሚነግረኝ ፊቱ ላይ አየሁት። ውጣ አልኩት። ፓኮውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንዴት አሳለፍሽው ብትይኝ፣ ልብስ ሸጥኩ ነው የምልሽ። ሂክማ አባዬ የት ሄደ ስትለኝ መኪናው ተበላሽቶ ጋራዥ ነው እላታለሁ። አንድ ቀን፣ አባዬንም አብረው እየጠገኑት ነው ወይ አለችኝ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ዋጥኩ፣ ማቃጠሉ ግን ወይ ፍንክች። በዘጠነኛው ቀን ተናድጄ ወደዚያ መድኃኒት ቤት ተመለስኩ። አልዳንኩም ብለው ሳቀ። ባልሽ ከአንቺ ይሻላል፣ በማግስቱ ጠዋት ማኅተሜ ያለበትን ፓኮ ይዞ መጥቶ ያንኑ መድኃኒት አንድ ፓኮ ጨምሮ ወሰደ፣ ለጓደኛ ነው ብሎኛል አለኝ። ሾፌሮች ይተዛዘናሉ ብሎም ቀለደ። ያን ቀን ነስሮ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ድሬ ነው የነዳው፤ ሌላ መስመር የለውም።

ለጓደኛ። ይህን ቃል ይዤ ሸዋ በር ደርሼ ጃንጥላዬ ሥር ተቀመጥኩ። ጓደኛ ስንል ወንድ ይሁን ሴት፣ የእሱ ይሁን የሌላ ሰው፣ አማርኛችን አይለይም።

ሥርጉት ፊቴን አይታ ጫማዋን ትታ መጣች። አቦ ንገሪኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትቁነጠነጪ አይሻለሁ አለችኝ። የነስሮን ነገር አልነገርኳትም፤ ማቃጠሉን ብቻ ነገርኳት። እሷ እቴ፣ ምንም አልደነቃት። ስልኳን አውጥታ፣ አዲስ አበባ ሆና በቴሌግራም የምታክም አንዲት ሴት ሐኪም አሳየችኝ። የሥርጉት ልጅ ገላው ሽፍ ሲልበት ፎቶ አንስታ ልካ ታክሞ ድኗል። የማታይሽ፣ የማታውቅሽ፣ ጁገልን ረግጣ የማታውቅ ሐኪም ካልሆነች ለማን ልትነግሪ ነው አለችኝ። ክፍያውንም እሷው በስልኳ ጨረሰችልኝ።

ዶክተር ገላነሽ ትባላለች። ፎቶዋ ላይ መነጽር አድርጋ ፈገግ ብላለች፤ የእኛው እኩያ ትመስላለች። ሰላም እህቴ፣ ምን ልርዳሽ ብላ ጻፈችልኝ። እኔ ምን ብዬ ብጽፍ ጥሩ ነው? ወገቤን ያመኛል። ሴት ሁሉ የምትለው ይህንኑ አይደል? እሷም ከባድ ዕቃ ታነሻለሽ ወይ፣ ምን ላይ ነው የምትቀመጪው፣ ስትጎነበሺ ይብስብሻል ወይ እያለች በትጋት ትጠይቀኝ ጀመር። ጀርባዬን በምን ትራስ እንደምደግፍ ሁሉ አስረዳችኝ። ሥርጉት በትከሻዬ አሻግራ ስታነብ ቆይታ ትዕግሥቷ አለቀና፣ አንቺ ሴትዮ፣ ሦስት ፊደል እኮ ነው፣ ጻፊው ብላ ጮኸችብኝ። ሽ፣ ን፣ ት። ሦስት ፊደል ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ግን ጎርፍ ሆነ። ትጠይቀኛለች፣ እመልሳለሁ። ያተኩስሻል ወይ? አያተኩሰኝም። ከጎንና ጎንሽ፣ ከጎድንሽ ሥር ያምሻል ወይ? አያመኝም። ደም አይተሻል ወይ? አላየሁም። ሌላ ፈሳሽስ? የለም። እርጉዝ ነሽ ወይ? አይደለሁም። ሳታማክሪ የዋጥሽው መድኃኒት አለ ወይ? እዚህ ላይ የፓኮውን ፎቶ ላክሁላት። ማን አዘዘልሽ አለችኝ። ሾፌር የሚለው ቃል ብዬ ልጽፍላት ከጅሎኝ ነበር።

ቀጥሎ የጠየቀችኝ ነው የነካኝ። ቀን ቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ትሄጃለሽ አለችኝ። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ይህን ሰው ጠይቆኝ አያውቅም፤ እናቴም፣ ባሌም፣ ሂክማን ስወልድ የነበሩት ነርሶችም። ቧንቧ ዘግቼ ነው የምውለው ብዬ ጻፍኩላት። የውሃ ችግር እኛም ጋ አለ፣ ቢያንስ የታሸገ ውሃ ግዢ ብላ መለሰችልኝ። ሥርጉት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሳስረዳት ዶክተሯ በድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ መጀመሪያ ስትስቅ ይሰማል፣ ከዚያ ረጋ ብላ፣ እህቴ፣ ስንት ዓመት ነው እንዲህ የኖርሽው አለችኝ።

ስንት ዓመት? ቆጠርኩ። ከሸዋ በር አልጀመረም። በሩ የተገነጠለው የትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት ትዝ አይልሽም? ወንዶቹ ድንጋይ ሲወረውሩ፣ አንቺ ሻርፕሽን በሁለት እጅሽ ወጥረሽ በሩ ላይ ትቆሚልኝ ነበር። አንቺ ያልመጣሽ ቀን እኔ ቀኑን ሙሉ አልሸናም። ይህን ለዶክተሯ አልጻፍኩላትም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው ብዬ ብቻ አለፍኩት።

ሳይመረመር መድኃኒት አልሰጥሽም አለችኝ። የምርመራ ወረቀት ጽፋ በፎቶ ላከችልኝ፤ የሽንት ምርመራውን፣ ስለፈራሁትም የአባላዘሩን ጭምር። ሥርጉት ልብሴን እየሸጠችልኝ እኔ አዲሱ ከተማ ወዳለ ላቦራቶሪ ሄድኩ። ስልኩን ለልጅቷ አሳየኋት፤ አነበበችና ያለ አንዳች ጥያቄ ዕቃውን ሰጠችኝ። ውጤቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። የላቦራቶሪው ደጃፍ ላይ ቆሜ ስልኩን አፍጥጬ አያለሁ፤ እየጻፈች ነው ይላል፣ ይቆማል፣ እየጻፈች ነው ይላል።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው አለችኝ። ቧንቧ የሚለውን ሳይ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ጨብጥ አይደለም፣ ምርመራው ነፃ ነው አለችኝ። ውሃ ሳይጠጡ፣ ሽንት ይዘው ለሚውሉ ሴቶች በብዛት የሚመጣ ነው፣ ከባልሽ አልመጣም፣ ከአንቺም ወደ ማንም አይተላለፍም አለችኝ። ያ የመጀመሪያው መድኃኒት ለዚህ የሚሆን እንዳልነበረም ነገረችኝ። አዲስ የማዘዣ ወረቀት ላከችልኝ፤ ለአምስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ ጠፋ፤ ትናንት ጨረስኩት።

ልደሰት ይገባኝ ነበር፤ ሰውነቴ ተደስቷል፣ እኔ ግን እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አስቢው። በሐሰተኛ ምስክር ነው እውነቱን ያስወጣሁት። ያ ባለ መድኃኒት ቤት መቼ ጀመረሽ ብሎ ጠይቆኝ ቢሆን፣ ወይ እኔ ባሌ አስተማሪ ነው ብዬው ቢሆን፣ ነስሮ ዛሬ ቤቱ ይኖር ነበር። እኔም ሳላውቅ እኖር ነበር። ምኑ ይሻል ነበር እያልኩ አሁንም ራሴን እጠይቃለሁ። አንዳንድ ቀን አለማወቁን እመርጣለሁ፤ ያን ቀን ራሴን እንቃለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ነስሮ ሊክድ እየቻለ ያልካደበትን ነገር አስባለሁ። መድኃኒቱን ኪሱ ከትቶ የወጣው፣ አንድ ተጨማሪም የገዛው፣ በእሱ ጦስ ሌላ ሰው እንዳይታመም ብሎ ነው። ይህን ሳስብ በጣም እናደዳለሁ፣ ደግሞም ሰው መሆኑን አያለሁ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። እኔና ሥርጉት ሆነን ከፊት ለፊታችን ምግብ ቤት ያላትን ዘውዴን አነጋገርናት። የጓሮውን ሽንት ቤት ቁልፍ ሰጠችን፤ በተራ እናጸዳዋለን። አሁን የገበያው ሴት ሁሉ ውሃ መጠጣት ጀምራለች። ፋጡማ ሽንኩርት ሻጯ፣ ይህን ቁልፍ ሃያ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅነው አፍ አጥተን ነው ወይ ብላ ስትቆጣ ዋለች።

ዓርብ ለሐጂ ዓሊዪ ከምነግራቸው አንዱን አውቄዋለሁ። በሽታውን ያመጣው ነስሮ እንዳልሆነ በሰው ፊት እናገራለሁ፤ ውጤቱንም አሳያቸዋለሁ። እናቱ፣ ልጄን በሽተኛ አሉት ብለው እህል አልቀምስ ብለዋል፤ እሳቸው ይህን መስማት ይገባቸዋል። የቀረውን ግን አላወጣውም። ቢወጣ የሚፈርሰው የእኔ ቤት ብቻ አይደለም። ሌላም ቤት አለ፣ ሌሎችም ልጆች አሉ፣ ከሩቅ አገር የሚደውል ሌላም አባት አለ። ነስሮን ከመለስኩት ደግሞ አንድ ነገር አስቆርጠዋለሁ፤ የድሬዳዋን መስመር ትቶ የጅጅጋን ይይዛል። ለምን ብለው ሽማግሌዎቹ ቢጠይቁኝ፣ ደንገጎ ያስፈራኛል እላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እሁድ ስንደዋወል ጨጓራሽን እንዳመመሽ፣ የምትውጪው መድኃኒት እንደከበደሽ ነገርሽኝ። ለጉሮሮ ነው አልሽኝ። ስሙን አንብቢልኝ ስልሽ ፊደል በፊደል አነበብሽልኝ። እስክሪብቶ አልያዝኩም ነበር፤ አላስፈለገኝም፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያነበብኩት ስም ነበር። ከዚያ፣ ይሄን ጨርሼ፣ ሕመሙ እንዳይቀርብኝ ሌላ ፓኮ ልጀምር ነው አልሽኝ። ድምፅሽ ውስጥ ፍርሃት ነበር። አንቺ ስትፈሪ አውቃለሁ፤ ቃላት መሀል ትንፋሽ ትወስጃለሽ።

አትጀምሪው። አንቺ ዘንድ የደረሰ በሽታ የለም። የእኔ ብቻ ነበር፣ ከእኔው የመጣ ነበር፣ ድኗል። ይህ ለጉሮሮ ነው፣ የአንቺን ነገር አይመለከተውም ብትዪኝም ግድ የለም፣ አልከራከርሽም፤ ብቻ ያን መድኃኒት በከንቱ አትዋጪ። ጨጓራሽ ከድሮም ደካማ ነው። ካላመንሽኝ የዶክተር ገላነሽን አድራሻ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። እሷን ጠይቂያት፤ የማን ሚስት ነሽ አትልሽም።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አልጠብቅም። እንዳትደውዪልኝም።

አላህ ጤናሽን ይስጥሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። አባታቸውንም በሰላም ወደ ቤቱ ያምጣላችሁ። አሚን።

የነስሮ ሚስት